የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ትልቅ አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ጫፍ አገጩ ሥር ይወትፋል፤ ሁለተኛውን በጥርሱ ይነክሳል፤ ሦስተኛውን ፍለጋ ሲያጎነብስ የመጀመሪያው ያመልጠዋል፤ አራተኛው እስከዚያ ድረስ ወለሉን ጠርጎ ጨርሷል። በመጨረሻ ሰውየው ይበሽቅና ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይወረውረዋል፤ በሩንም በጉልበቱ ገፍቶ ይዘጋዋል። አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ የሆቴልና የሆስፒታል ልብስ በሚያጥብ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ በስፌት መኪና የተቀደደ ስጠግን ነው ጸጉሬ የሸበተው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያላየሁት የለም። ካየሁት ሁሉ ግን እጄን ለመጻፍ የሚበላኝ የአንዲት ሴት ነገር ነው፤ የክፍላችን ኃላፊ፣ የእትዬ ረጋበሉ።

እናቷ ያወጣችላት ስም ይህ አይደለም። "ረጋ በሉ" ማለት ስለምታበዛ እኛ ነን ያወጣንላት። ማሽን ሲበላሽ ረጋ በሉ፤ ደንበኛ በስልክ ሲጮህ ረጋ በሉ። አንድ ጊዜ ማድረቂያው ውስጥ እሳት ተነስቶ ሁላችንም በር በሩን ስንል፣ እሷ ባልዲ ውሃ ተሸክማ በመሀላችን ስታልፍ እንኳ "ረጋ በሉ፣ ረጋ በሉ፣ አትገፋፉ" ትል ነበር። አጠር፣ ደልደል ያለች ናት። ነጭ ሽርጧን ከወገቧ አጥብቃ ታስራለች፤ እጆቿ ዓመቱን ሙሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ባሏ በጊዜ ሞቶባታል፤ ልጅ አልወለደችም።

ሥራዋ አንሶላ ማሳጠፍ ነው። ከካውያ ማሽኑ ትኩሱ አንሶላ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አራቱን ጫፍ ይይዛሉ። ወደኋላ ይሳሳባሉ፤ አንዴ ያራግፉታል። ከዚያ አንዷ ባለችበት ትቆማለች፤ ሌላዋ ጫፏን ይዛ ወደ እሷ ትመጣለች፤ ለቆመችው አስረክባ ጎንበስ ትልና እጥፋቱን ታነሳለች። እንደገና ወደኋላ፤ እንደገና ትመጣለች። የምትመጣዋ ሁልጊዜ አዲሷ ወይም ታናሿ ናት። የምትቆመዋ አለቃ ናት፤ የታጠፈውን ክምሩ ላይ የምታስቀምጠው እሷ ስለሆነች ከጠረጴዛው አትርቅም። እትዬ ረጋበሉ ኃላፊ ከሆነች ጀምሮ አንሶላ ይዛ ወደ ሰው ሄዳ አታውቅም። እሷ ቆማ ትይዛለች፤ ሰው ወደ እሷ ይመጣል። እግሯ ይህንን ለምዶታል።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስቦ ስለ ግጭት አፈታት ሥልጠና ላካቸው። እኛ "ሻይና ብስኩታቸውን በልተው ይመጣሉ" ብለን ነበር የሸኘናቸው። ሌሎቹ እንዳልነው አደረጉ። እሷ ግን ሌላ ሰው ሆና ተመለሰች። አሠልጣኙ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው፣ ጢሙ ገና ያልወጣ ልጅ ነበር አለችኝ፤ የተናገረው ግን አጥንቷ ድረስ ዘልቋል።

"የተጣላ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ አታቋርጡት ነው የሚለው። ከዚያ ያለውን ነገር በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩት፤ መሰማቱን ይወቅ። 'አንቺ እንዲህ ነሽ' አይባልም፣ 'እኔ እንዲህ ተሰማኝ' ነው የሚባለው። ደግሞ ላይ ላዩን የሚጮኸው ሌላ ነው፣ ከሥር ያለው ሌላ ነው። የሥሩን ፈልጉ።" ዓይኗ ሲያበራ ይታየኛል። "አንቺ፣ ይሄን ነገር በልጅነታችን ቢነግሩን ምን ነበረበት?"

እሷ ደግሞ ከራሷ አንድ ነገር ጨመረችበት። ጠበኞቹ ተናግረው ሲያበቁ አንሶላ ፊት ለፊት ታቆማቸዋለች። "በሉ፣ እጠፉ።" አንሶላ እያጠፉ መኮራረፍ አይቻልም። "ሳብ"፣ "ላላ"፣ "ግራህን ከፍ" ማለት የግድ ነው፤ በየእጥፋቱ ደግሞ እጅ ከእጅ ይገናኛል። ክምሩ ከፍ ሲል ጠቡ ዝቅ ይላል። አስማት አይደለም፤ ግን ከአስማት ብዙም አይርቅም።

ከሁሉም የማይረሳኝ የዋናተኛውና የትኩሷ ጠብ ነው። ዋናተኛው የማጠቢያ ማሽኖቹ ሠራተኛ ነው፤ ከጉልበቱ በታች ርሶ ስለሚውል ነው ስሙ። ትኩሷ የካውያ ማሽኑ ሴት ናት፤ ስሟን ከየት እንዳገኘችው አንድ ቀን አብራችኋት ብትውሉ አትጠይቁም። አይጥና ድመት ነበሩ። የዚያን ቀን አፍ ላፍ ገጥመው ክፍሉ ተናወጠ።

"ሆን ብሎ ነው ሳይጨምቅ የሚልክልኝ፤ ውሃ ነው የምተኩሰው።"

"እሷ ናት ሆን ብላ የምታቃጥለው። ከዚያ እኔ ላይ ታላክካለች።"

"ረጋ በሉ" አለች እትዬ። "አንተ፣ መጀመሪያ እሷ ያለችውን ድገምልኝ።"

"ሰነፍ ነህ ብላኛለች።"

"እንደዚያ ወጥቶኛል? አይጨምቅም ነው ያልኩት። ሰነፍ መሆኑን ራሱ ነው የደረሰበት።"

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔማ መርፌው ጣቴን ሊወጋኝ ምንም አልቀረውም። እትዬ ግን አልሳቀችም። "አሁን ደግሞ አንቺ፣ እሱ ያለውን ድገሚ" አለች። እንዲህ እያለች አንዱን ቃል በሌላው አፍ ስታመላልስ፣ ስልክ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደወለችው የእትዬ ታናሽ እህት ነበረች።

እዚህ ላይ የእህቷን ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱ እህትማማቾች ከእናታቸው ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በመሀል አንድ ግድግዳ፣ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። እናትየው ከታናሿ ጋር ነበሩ። ታናሿም እንደ ታላቋ የአንድ ሆስፒታል ላውንደሪ ኃላፊ ናት። አንዲት ልጇን ድራ ሩቅ ከተማ ልካለች። በመልክ ቁርጥ እህቷ ናት፤ በአፍ ግን አይገናኙም። ታላቋ ለዝባ የምትናገረውን ታናሿ እንደ ጥይት ነው የምትተኩሰው። እናታቸው ከታመሙ ሰንብተው ነበር። ታናሿ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ታስታምም ነበር፤ ታላቋ ከሥራ በኋላ ትቀበላታለች።

"እህትሽ ናት" አልኳት። "እማዬ ከበድ ብሏታል፣ አሁኑኑ ነይ ብላሻለች።"

እትዬ ረጋበሉ ሁለቱን ጠበኞች አየች። ሁለቱም አኩርፈው፣ አንሶላ ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። "ትናንትም ከበድ ብሏት ነበር፤ ስደርስ ሻይ እየጠጣች አገኘኋት" አለች። "እነዚህን ላስጀምርና እሄዳለሁ።"

አስጀመረቻቸው። ዋናተኛው የትኩሷን ጣቶች ከቅርብ ያያቸው ያን ቀን ነው። በካውያ ጠባሳ ተዥጎርጉረዋል። "ይሄ ሁሉ እኔ በላኩት ነው?" አላት፤ ድምፁም አልጮኸም። እሷም የሱን እጅ ስታየው ከውሃ ብዛት ቆዳው ተላጧል። ምን ልበላችሁ፣ እርቁ ከልክ በላይ ተሳካ። በዓመቱ ተጋቡ። እትዬ ግን ያን ሳታይ፣ የመጀመሪያው አንሶላ ታጥፎ ሁለተኛው ሲነሳ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ሮጣ ወጥታ ነበር። ቤት ስትደርስ እናቷ ፊታቸው ተሸፍኗል።

ታናሿ ግቢው መሀል ቆማ ጠበቀቻት። "የሰው ጠብ ስታበርጂ እናትሽ ሄደች" አለቻት።

የሚቀጥለውን ስሰማ እንዴት እንዳዘንኩ። እትዬ ደንግጣለች፤ አፏ ደግሞ ቅድም የጀመረውን አላቆመም። "ገብቶኛል" አለቻት። "በእኔ መዘግየት እንደተናደድሽ ተረድቻለሁ።"

ታናሿ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "እኔን? እኔን እንደ ሠራተኛሽ?" አለች፤ ገብታ በሩን ዘጋች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሄዶ ካለቀ በኋላም ያ በር አልተከፈተም።

ከዚያ ወዲህ የኖሩትን ኑሮ ኑሮ ካላችሁት እንግዲህ ልንገራችሁ። ታላቋ የታናሿን ሳል በግድግዳ ትሰማለች። የትኛውን ሬዲዮ እንደምትሰማ፣ ሻይዋ መቼ እንደሚፈላ፣ ጫማዋን የት እንደምትጥለው ታውቃለች። ገመዱ ላይ አንዷ ስታሰጣ ሌላዋ አትወጣም። በር ላይ ከተገጣጠሙ አንዷ የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ትመለሳለች። እትዬ ረጋበሉ ቀን ለሃያ ሰው ረጋ በሉ ብላ ማታ ቤቷ ስትገባ፣ አንድ ሰው "ደህና ዋልሽ?" የሚላት የለም። ልብሷን የምታጥፈው የቁም ሣጥኑ በር አንዱን ጫፍ ነክሶ እየያዘላት ነበር።

ደግሞ ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚያኛው ክፍል ግድግዳው ደፍ፣ ደፍ ይላል። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ደፍ።

"ልታናድደኝ ነው" ትለኛለች ሰኞ ሰኞ። "አውቃ ነው የምትደበድበው። አሁንስ እኔም መልስ መስጠት ጀምሬያለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"በመጥረጊያው እንጨት። እሷ አንዴ ስትመታ እኔም አንዴ።"

"ለምን እንደምትመታ ጠይቀሻታል?"

"ምኑን ልጠይቃት?" አለችኝና ወደ አንሶላዋ ዞረች። ያን ጧት ሁለት አዳዲስ ልጆችን "መጀመሪያ ለምን ብላችሁ ተጠያየቁ" እያለች ስታስታርቅ ነበር ያረፈደችው። ልናገር ብዬ ተውኩትና ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

አንድ ቀን ፊቷ አመድ መስሎ ሥራ ገባች። የመንደሩ ሱቅ ባለቤት ነው ነገሩን የነገራት፤ ሳሙና እየጠቀለለላት። "እህትሽ ልትሄድ ነው አሉ፤ ልጇ ወልዳ። ጠቅልላ ነው የምትሄደው አሉ።"

"አዎ፣ አውቃለሁ" ብላው ወጣች። "ምን ልበለው?" አለችኝ። "እህቴ መሄዷን ከሱቅ ሰማሁ ልበለው?"

የምትሄደው የሚመጣው ቅዳሜ ነበር። ከሄደች እሷ ከዚያ ግድግዳ በስተዚህ ብቻዋን ልትቀር ነው፤ ኩርፊያውም ሳይፈታ ለዕድሜ ልክ ሊቀር ነው። ያን ቀን ምሳ ላይ ወንበሯን ወደ ስፌት መኪናዬ አስጠጋች።

"አንቺ እሷን ሁኚ" አለችኝ።

"ማንን?"

"እህቴን። ልለማመድ።"

እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ነፍሴ ነው። ወገቤን ያዝኩ፤ ቅንድቤን ሰቀልኩ። "ምን ፈልገሽ ነው?"

"ስለተፈጠረው ሁኔታ የተሰማኝን ላካፍልሽ ፈልጌ ነው። አንቺም የተሰማሽን ብትነግሪኝ ሳላቋርጥ አዳምጥሻለሁ።"

አየኋት። "እውነቱን ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ።"

"እህትሽ ብሆን ኖሮ ውሃ ነበር የምደፋብሽ።"

"ለምን? አንቺ አላልኩም፣ እኔ ነው ያልኩት። ሥርዓቱን ጠብቄያለሁ እኮ።"

"ሥርዓቱንማ ጠብቀሻል" አልኳት። እንጀራዬ መርፌ ነውና ሌላ የምመክራት አላወቅኩም።

ሐሙስ ማታ የእህቷን በር አንኳኳች። የሆነውን ዓርብ ጧት ነገረችኝ። በሩ ገርበብ አለ። ከኋላ ሻንጣዎች ይታያሉ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ስለተፈጠረው ሁኔታ... እኔ የተሰማኝን ላካፍልሽ..."

"ስብሰባ ነው እንዴ?"

"አይደለም፣ እኔ ማለት የፈለግኩት..."

"ለሻይ ዕረፍት ስትወጡ ጥሪኝ" አለቻትና በሩ ተዘጋ።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ ተያየን። ከዚያ እኔ መሳቅ ጀመርኩ፤ ይቅር ይበለኝ፤ እሷም ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠና ሽርጧን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያለቅስ የማውቀው ሌላውን ሰው ነው። ሁሉም ሲያለቅስ የሚሄደው ወደ እሷ ነበር። እሷ ስታለቅስ ማንም ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ዋናተኛው ከማሽኑ ሥር ብቅ ብሎ አያት፤ ደርቆ ቆመ፤ ተመልሶ ገባ።

"ቅዳሜ ነይልኝ" አለችኝ። "መኪናው ሲመጣ ድምፁን ብቻዬን መስማት አልፈልግም።"

ሄድኩ። የእሷ ክፍል ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታልኝ ሥራዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እሷ ውስጥ ሆና ዕቃ ታነሳለች፣ ዕቃ ታስቀምጣለች፤ ምንም እየሠራች አልነበረም። ግቢው ገመድ ላይ የእናታቸው ትልቁ አንሶላ ተሰጥቷል። ሙሽራ ሳሉ የገዙት ነው አሉ፤ ወፍራም፣ ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ በነጭ ክር የተጠለፈ። ታናሿ ልትወስደው ጧት አጥባዋለች።

ታናሿ ወጣች። አይታኝ በጭንቅላቷ ሰላም አለችኝ። አንሶላውን ከገመዱ አወረደችና ለማጠፍ ታገለች። አገጯ ሥር ያዘች፤ ክንዷን ዘረጋች። አልደረሰም። ጨርቁ ከብዶ አዘቀዘቀ፤ አንደኛው ጫፍ ወደ ጭቃው ወረደ። ልነሳ ብዬ መርፌዬን ሰካሁ። ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እትዬ ረጋበሉ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ምንም አልተናገረችም። ጭቃው ሳይደርስበት ጫፉን ቀለበችው፤ ሌላኛውንም ፈልጋ ያዘችና ወደኋላ ሄደች። አንሶላው በመሀላቸው ተወጠረ።

አንዴ አራገፉት። እያንዳንዳቸው ሁለቱን ጫፎቻቸውን ገጠሙ። እዚህ ላይ ቆሙ።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ሁለቱም ጫፋቸውን በደረታቸው ልክ ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዷ ሌላዋን ታያለች። ማንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ገባኝ፤ ሁለቱም አለቃ ናቸው። ሁለቱም በየመሥሪያ ቤታቸው ቆመው የሚይዙ ናቸው። ሁለቱም የምትመጣዋን እየጠበቁ ነው።

"ነይ እንጂ" አለች ታናሿ።

"አንቺ ነሽ የምትመጪው።"

"እኔ ሄጄ አላውቅም። እኔ ነኝ የምይዘው።"

"እኔም እኔ ነኝ የምይዘው።"

የታናሿ ከንፈር ጠርዙ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁትም። አንሶላው እንደተወጠረ ነው። ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ሆዱን ነፋው። ከመንገዱ በኩል የጭነት መኪና ድምፅ ተሰማና አለፈ፤ የእሷ አልነበረም። እሷም እንደመጣ አስባ አንገቷን አዞረች።

እትዬ ረጋበሉ ያኔ ተንቀሳቀሰች። አካሄዱን የረሳችው ይመስል ነበር፤ እግሯ እየተደናቀፈ፣ ጨርቁን እንዳትረግጥ ከፍ አድርጋ ይዛ ሄደች። እህቷ ጋ ደረሰች። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ጫፉን አላስረከበችም።

"ዘግይቼ መጣሁ" አለቻት።

ስለ ሁኔታው፣ ስለ ተሰማኝ፣ ስለ ምንም አልጨመረችም።

"ዘግይተሽ መጣሽ" አለች ታናሿ። ድምፅዋ እንደ ሌላው ጊዜ አይተኩስም ነበር። "እማዬ ስትጠይቀኝ ነበር። መጣች ወይ? ትለኛለች። አሁንም አሁንም። በመጨረሻ፣ በር ላይ ናት አልኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነው አልኳት። እሺ አለችኝ። ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች።" የያዘችውን ጫፍ ጨበጥ አደረገች። "በር ላይ ማንም አልነበረም። እናቴን ዋሽቼ ነው የሸኘኋት። ያስዋሸሽኝ አንቺ ነሽ።"

የሥሩ ይህ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ አብሯት ያደረው።

አሠልጣኙ ቢኖር "መልሳችሁ ንገሩት" ይል ነበር። እትዬ አልመለሰችም። ጫፉን አስረከበች፤ ጎንበስ አለች፤ እጥፋቱን አነሳች፤ ወደኋላ ሄደች። እንደገና መጣች። አንሶላው እያነሰ፣ ርቀቱም እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ትራስ የምታክል ሆኖ በሁለቱ እጆች መሀል ቀረ። ማንም ቶሎ አልለቀቀውም።

"ውሰጂው" አለች ታላቋ።

"ልወስደው ነው እኮ ያጠብኩት" አለች ታናሿ፤ ይህን ስትል ግን አልተቆጣችም።

መኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ። ይቅር ተባባሉ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ቃሉን ግን ከማናቸውም አፍ አልሰማሁም። ሻንጣዎቹን ሦስታችን አወጣን። ታናሿ ልትገባ ስትል የክፍሏን ቁልፍ ለእህቷ እጅ ሰጠቻት። "የቧንቧው ውሃ ሲንጠባጠብ ትንሽ አጥብቀሽ ዝጊው" አለቻት። "እሺ" አለቻት። በቃ። መኪናው ዞሮ ሲጠፋ እትዬ ረጋበሉ በሩ ላይ ቆማ ቁልፉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ስታመላልስ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ አብረን የእህቷን ክፍል ልንጠርግ ገባን። ባዶ ክፍል ድምፅ ያበዛል፤ እርምጃችን ራሱ ያስደነግጠን ነበር። ግድግዳው ላይ፣ በትከሻ ልክ፣ ሁለት ትልልቅ ምስማሮች ተመትተዋል። ራሳቸው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተጠምጥሞባቸዋል፤ ዙሪያቸው ኖራው ተሰንጥቆ ረግፏል።

"ሥዕል ነበር የሰቀለችው?" አልኩ።

እሷ ግን ምስማሮቹን እያየች ቆይታ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ከራሷ አልጋ ላይ አንሶላ ገፍፋ መጣች። ሁለቱን ጫፎች ምስማሮቹ ላይ አንጠለጠለች። ሁለቱን ይዛ ወደኋላ ሄደችና ሳበች።

ግድግዳው ደፍ አለ።

ጠበቀች። እንደገና ሳበች። ደፍ።

መጥረጊያዬን አቆምኩ። እሷ አንሶላውን እንደያዘች ግድግዳውን ታይ ነበር፤ ከጀርባው የራሷ ክፍል ነው።

ስልኳ ሲጮኽ ሁለታችንም ደነገጥን። ታናሿ ነበረች፤ ከሄደች ወዲህ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው። ድምፁ ወደ እኔም ይመጣ ነበር፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"አንሶላ እያጠፍኩ።"

"በምስማሮቼ?"

"በምስማሮችሽ።"

"የግራው ላላ ይላል። ብዙ አትጎትቺው።" ሕፃኑን እሹሩሩ አለችው፤ እሱም ዝም አለ። "ታውቂያለሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስስብ ካንቺ በኩል ደፍ ሲል እሰማ ነበር። አንዴ እኔ፣ አንዴ አንቺ። እሷም እያጠፈች ነው እል ነበር። አብረን የምናጥፍ ነበር የሚመስለኝ። እውነት እያጠፍሽ ነበር?"

እትዬ ረጋበሉ ወደ እኔ አየች። ወደ በሩ አየች። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ፣ በራሷ ክፍል፣ የመጥረጊያው እንጨት ጥግ ላይ እንደቆመ ሁለታችንም እናውቃለን።

"አዎ" አለቻት። "እያጠፍኩ ነበር።"

"አውቄው ነበር" አለች ታናሿ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ እትዬ አንሶላውን ከምስማሮቹ አላወረደችውም። እኔም ሌላኛውን ጫፍ ልያዝልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። የግራውን ምስማር በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አጠበቀችው፤ ወደኋላ ሄደች፤ ቀስ አድርጋ ሳበች።